የእህቶችን ጉዳይ ማጥናት ገመና ማውጣት ነውን?

 

በአገራችን ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ «ገመና» የሚለው ቃል ትልቅ ቦታ አለው። የቤት ነገር ከበር አይወጣም፤ የባልና የሚስት ነገር ለጎረቤት አይነገርም፤ የእህት እንባ ለባዳ አይታይም። ይህ በመሠረቱ መልካም ነው። ዲናችን የሰውን ነውር መሸፈንን ያዝዛል፤ ሐሜትንና ነገር ማመላለስን አጥብቆ ይከለክላል። ይሁን እንጂ መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። የተበደለች እህትን «ምን ሆንሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ፣ እኛ «ገመና ነው» ብለን በሩን ስንዘጋ የምንሸፍነው የማንን ነውር ነው? የእርሷን ነው ወይስ የበደላትን?

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚማሩ ብዙ ወጣቶች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሴቶች ማኅበራዊ ችግር ላይ ያዘጋጃሉ። ከእነርሱም መካከል ከእኛው መድረሳ የወጡ የራሳችን ልጆች ይገኛሉ። እነዚህ ልጆች አንድ ቀን የእኛን በር ማንኳኳታቸው አይቀርም። በዚያን ጊዜ ምን እንመልስላቸው?

ከመድረሳ የወጣች ተማሪ

እኔ በደሴ ከተማ በአንድ መድረሳ ቁርኣንና ፊቅህ በማስተማር የምኖር ሰው ነኝ። የዘመናዊ ትምህርቴ 12ኛ ክፍል ላይ አብቅቷል። በልጅነቷ ከእኔ ዘንድ ቁርኣን ያኸተመች አንዲት ተማሪዬ ግን ትምህርቷን ገፍታ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ተመርቃም ጥቂት ዓመታት ከሠራች በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመለሰች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ከባለቤቷ ጋር ሆና ወደ ቤቴ መጣች። ሻይ ከቀረበ በኋላ፦

«ኡስታዝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የማዘጋጀው በእህቶቻችን ማኅበራዊ ችግር ላይ ነው። የፈቱትን፣ ባላቸው ትቷቸው የሄደውን፣ ከዐረብ አገር የተመለሱትን ማነጋገር እፈልጋለሁ። የሰፈሩ ሰው እርስዎን ያምናል። መንገዱን ያሳዩኝ» አለችኝ።

ከቦርሳዋም ወረቀቶች አውጥታ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው የፈቃድ ወረቀት ነበር። ተጠያቂዋ ካልፈለገች አለመመለስ እንደምትችል፣ ከጀመረች በኋላም ማቋረጥ እንደምትችል፣ ስሟና ሰፈሯ እንደማይጻፍ፣ ድምጿ የሚቀዳው ከፈቀደች ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። ይህን ወረቀት ዩኒቨርሲቲው ራሱ አይቶ ሳያጸድቅላት ከአንዲት ሴት ጋር እንኳ መነጋገር እንደማይፈቀድላት ነገረችኝ።

ሁለተኛው ወረቀት የጥያቄዎቹ ዝርዝር ነው። እንዲህ ይላል፦ ኒካሕሽ ሲታሰር መህርሽ ስንት እንደሆነ ተነግሮሻልን? ተቀብለሽዋልን? ፈቃድሽን የጠየቀሽ ማን ነው? ስትፈቺ ጦላቁን የሰማሽው ከማን ነው? በጽሑፍ የያዝሽው ማስረጃ አለን? ለልጆቹ ነፈቃ የሚሰጠው ማን ነው? ወደ ዐረብ አገር እንድትሄጂ የወሰነው ማን ነው? የላክሽው ገንዘብ የተቀመጠው በማን ስም ነው?

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከተጻፉት ጥያቄዎች ውስጥ አብዛኞቹ በፊቅህ ኪታብ የየራሳቸው ባብ ያላቸው ናቸው። የመህር ባብ አለ፤ የጦላቅ ባብ አለ፤ የነፈቃና የልጅ ማሳደግ (ሐዷና) ባብ አለ። ደረሳ ሁሉ ይቀራቸዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ኪታቡ ሴትዮዋ የሚገባትን ሐቅ ይነግረናል፤ ሐቋ ደርሷት እንደሆነ ግን ሊነግረን የሚችለው የእርሷው አንደበት ነው። ለዚህ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

በመስጊዱ ግቢ የተነሣው ክርክር

ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ሁሉም ደስ አላለውም። ከመግሪብ በኋላ በመስጊዱ ግቢ በዕድሜና በዕውቀት የምናከብራቸው አንድ ሸኽ ጉዳዩን አነሡ።

«ይቺ ልጅ ገመናችንን ለቅማ ለባዳ ልታስነብብ ነው። ነገ ደግሞ እስልምና ሴትን ይበድላል ይሉናል» አሉ። ሌላው ወንድም ደግሞ፣ «ሴቶቹስ ቢሆኑ ሐያእ የላቸውም? ይህን ሁሉ እንዴት ያወራሉ?» ሲል ጠየቀ።

ሁለቱም ስጋቶች በንቀት የሚታለፉ አይደሉም። በሙስሊም ሴት ስም ተጽፎ ሙስሊሙን ለማንቋሸሽ የዋለ ጽሑፍ በዓለም ላይ እንዳለ የታወቀ ነው። ሐያእም የኢማን ክፍል ነው። ልጅቱ ግን ተጠርታ ስትመጣ በእርጋታ መለሰች፦

«ሸኽ፣ እኔ ካልጠየቅሁ ሌላ ይጠይቃል። እኔ መህር ምን እንደሆነ፣ ዒዳ ምን እንደሆነ ከዚሁ መድረሳ ተምሬያለሁ። የባልን በደል ከዲኑ ሕግ ለይቼ መጻፍ እችላለሁ። ይህን የማያውቅ ሰው ቢጽፈው ግን ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።»

ሸኹም ዝም ብለው ቆዩና ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛው፣ ወደ ሴቶቹ ቤት ብቻዋን እንዳትሄድ፤ የኡስታዙ ባለቤት አብራት ትሂድ አሉ። ሁለተኛው፣ «ጽፈሽ ስትጨርሺ መጥተሽ ለእኛም አንብቢልን» አሏት። ልጅቱም ቃል ገባች።

ቀደምቶቻችን እንዴት ይጠይቁ ነበር?

ወገኖቼ! የሴቶችን ችግር አድምጦ መፍትሔ መፈለግ ከምዕራባውያን የተዋስነው አዲስ ነገር አይደለም። የ58ኛው የቁርኣን ምዕራፍ ስም «አል-ሙጃዲላህ» ነው፤ የምትከራከረዋ ሴት ማለት ነው። ይህች ሴት ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ) ትባላለች። ባሏ በጃሂሊያ ልማድ «እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ» ብሏት፣ ሚስትም ሳትሆን የተፈታችም ሳትሆን ተንጠልጥላ ቀረች። ጉዳዩን ይዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣች፤ ተከራከረች፤ ስሞታዋንም ለአላህ አሰማች። ከሰባት ሰማያት በላይ ሆኖ የሰማት ጌታ የምዕራፉን የመጀመሪያ አንቀጾች አወረደ፤ ልማዱም ተወገዘ፤ ለተናገረውም ሰው ማካካሻ ተደነገገ። አንዲት ሴት የቤቷን ችግር በመናገሯ እስከ ቂያማ ድረስ ለሙስሊም ሴቶች ሁሉ የሚያገለግል ሕግ መጣ። በዚያን ዕለት «ገመናሽን ደብቂ» ያላት አልነበረም።

የኸንሳእ ቢንት ኺዳም (ረ.ዐ) ጉዳይም በቡኻሪ ተዘግቧል። ቀደም ሲል አግብታ የነበረች ሴት ናት። አባቷ ሳትወድ ዳራት። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳ ስትነግራቸው ኒካሑን አፈረሱላት።

የዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ ደግሞ ለዛሬው ርእሳችን ይበልጥ ይቀርባል። በታሪክ መጻሕፍት እንደተዘገበው፣ ዑመር በኸሊፋነቱ ዘመን ሌሊት በመዲና ሲዘዋወር ባሏ ለጂሃድ ዘምቶ የቆየባት ሴት በብቸኝነቷ ስትተክዝ ሰማ። በማግሥቱ «ይህ ገመና ነው» ብሎ አላለፈውም፤ ራሱም ገምቶ አልወሰነም። ወደ ልጁ ወደ ሐፍሷ (ረ.ዐ) ሄዶ፣ አንዲት ሴት ከባሏ ተለይታ ምን ያህል መታገሥ እንደምትችል ጠየቃት። እርሷም አራት ወር፣ በሌላ ዘገባ ስድስት ወር፣ መሆኑን ነገረችው። ዑመርም ዘማቾች ከዚያ በላይ ከቤታቸው እንዳይቆዩ ደነገገ። እስቲ እናስተውል! ችግሩን በጆሮው ሰማ፤ የሚያውቀውን ሰው ጠየቀ፤ በመልሱ መሠረትም ሥርዓት አወጣ። የዛሬዎቹ ተማሪዎች «ጥናት» የሚሉት ነገር ከዚህ የተለየ ነውን?

ስለ ሐያእም ቢሆን መልሱ ከእናታችን ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ይገኛል። የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነችው፣ ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነበር። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ሌሎች ሊያነሡት የሚያፍሩትን የሴቶች ጥያቄ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በቀጥታ ጠይቃለች፤ እርሳቸውም መልሰውላታል። ዓኢሻ ራሷ 2210 ሐዲሶችን አስተላልፋለች። ሶሐቦች ያስተላለፉትን መርምራ ያረመቻቸውን ነጥቦች ኢማም ዘርከሺይ በአንድ ኪታብ ሰብስበዋቸዋል። ሴት ተጠያቂ ብቻ አይደለችም፤ ጠያቂም መርማሪም ነበረች ማለት ነው።

የሐዲስ ሊቃውንት ሥራም ይህንኑ ያስተምረናል። «ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን ሰማ? ሰውየው እውነተኛ ነውን?» እያሉ አገር ላገር የዞሩ እነርሱ ናቸው። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ዘንድ ዕውቀት የለም። ተማሪዬ አንዲትን ነገር ከአንዲት ሴት ስትሰማ ከሌሎች ታመሳክር፣ ከቃዲዎችና ከሽማግሌዎችም ትጠይቅ እንደነበር ባለቤቴ ነግራኛለች። ይህን አካሄድ ከመድረሳ የወጣ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

አንዲት እህት የፈቀደችው ቃል

ቃለ መጠይቁ የተደረገው በሴቶች መካከል ነው። እኔ አልነበርኩም። ባለቤቴም የሰማችውን አማና አድርጋ ይዛለች። የጥናቱን ውጤት መናገርም የባለቤቷ እንጂ የእኔ ድርሻ አይደለም። አንዲት እህት ብቻ፣ «ስሜን አትጥሩት እንጂ ነገሩን ንገሩልኝ» ብላ ስለፈቀደች እነግራችኋለሁ።

ይህች እህት በሳዑዲ ዐረቢያ በሰው ቤት ተቀጥራ ዓመታትን አሳልፋለች። በ2006 ዓ.ል. ከኅዳር ወር ጀምሮ የሳዑዲ መንግሥት ሕጋዊ ወረቀት የላቸውም ያላቸውን ሲያስወጣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዷ ናት። በነዚያ ዓመታት ከደመወዟ እየቆጠበች ለወንድሟ ትልክ ነበር። በገንዘቡ ቤት ተሠራ። ቤቱ የተሠራው በወንድሟ ስም ነው። ስትመለስ ወንድሟ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ በቤቱ ይኖራል። እርሷ በጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ተጠጋች።

ተማሪዬ «ወደዚያ እንድትሄጂ የወሰነው ማን ነው?» ብላ ስትጠይቃት ብዙ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ከጅዳ ስመለስ ዘመድ ሁሉ ‹ምን ይዘሽ መጣሽ?› አለኝ። ‹እንዴት ነበርሽ?› ያለኝ ሰው የለም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ሱብሐነላህ! ይህች እህት የምትኖረው ከመስጊድ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ነው። ዘመድ አላት፤ ጎረቤት አላት፤ በዒድ የሚዘይራት ሰው አላት። ሆኖም ከብዙ ዓመታት በኋላ እንዴት እንደነበረች የጠየቃት፣ ወረቀት ይዛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ተማሪ ሆነች።

ባለቤቴ ያን ዕለት ማታ ወደ ቤት ስትመለስ እራቷን አልበላችም። «ወንድሟ መጥፎ ሰው አይደለም እኮ» አለችኝ። «ያረዳታል፣ ያበላታል። ገንዘቡ የእርሷ ሐቅ መሆኑን ግን ማንም አላነሳበትም።» ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ በደል የሚፈጸመው በክፉ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ጠያቂ በሌለበት ቤት ደግም ሰው የእህቱን ሐቅ ይዞ ይኖራል። ሴት ልጅ በላቧ ያገኘችው ገንዘብ የራሷ መሆኑን፣ አባትም ባልም ወንድምም ያለ ፈቃዷ ሊወስዱት እንደማይገባ ሸሪዓችን ግልጽ አድርጎታል። ይህ እየታወቀ በተግባር ለምን እንደሚጠፋ የሚያሳየን ግን ሄዶ የጠየቀ ሰው ነው።

ጥናትና ሕግ በአገራችን

በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ይህ የጥናት ዘርፍ የቆየ ታሪክ አለው። በአዲስ አበባ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። በአብዮቱ ዘመን ተዘግቶ ቆየና እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ እንደገና ሥራ ጀመረ። የሥርዓተ ጾታ ጥናትም በዚያው ሰሞን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ መሰጠት ጀምሯል።

ጥናት ለምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የሴት ልጅ ግርዛት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የዲን ትእዛዝ መስሎ የሚታይ ነበር። በየጊዜው የሚካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች መካከል የተገረዙት እ.ኤ.አ. በ2000 80 ከመቶ፣ በ2005 74 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 65 ከመቶ ነበሩ። ድርጊቱን የሚፈጽሙት ሙስሊሞች ብቻ እንዳልሆኑ፣ ብዙ ክርስቲያን ቤተሰቦችም እንደሚፈጽሙት እነዚሁ ጥናቶች ገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 በካይሮ አል-አዝሃር የተሰበሰቡ ዑለማእ የሐኪሞችን ማስረጃ ካዳመጡ በኋላ፣ በልጃገረዶች ላይ ጉዳት የሚያደርሰውን ይህን ልማድ አውግዘዋል። እነሆ፣ ዓሊሙ የሐኪሙንና የአጥኚውን ቃል ሰምቶ ልማድን ከዲን ለየ። በአገራችንም በ1996 ዓ.ል. የወጣው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን በአንቀጽ 565 እና 566 ይቀጣል።

የኒካሕና የፍቺ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በ1992 ዓ.ል. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ተጠናክረዋል። እነዚህ ፍርድ ቤቶች ትልቅ ኒዕማ ናቸው። ነገር ግን ቃዲ ያለ ማስረጃ ምን ሊፈርድ ይችላል? ኒካሑ በቃል ብቻ ታስሮ፣ መህሩ በወረቀት ሳይሰፍር፣ ከምስክሮቹ አንዱ ሞቶ ሌላው አገር ለቆ ከሆነ፣ ሴትዮዋ ሐቋን በምን ታስረዳለች? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ል. ወጥቶ፣ በ2008 ዓ.ል. ማብቂያ ገደማ በመላ አገሪቱ ሥራ ሲጀምር፣ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻም እንዲመዘገብ አድርጓል። ይህን ዕድል የማይጠቀም ቤተሰብ ራሱን ይጎዳል።

ደግሞም መጻፍ ዲናችን ያዘዘው ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳ ሲዋዋሉ ስለ መጻፍ የሚናገረው መሆኑን መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ለወደፊት ይከፈላል ተብሎ የቆየ መህር ደግሞ በባል ላይ ያለ ዕዳ ነው። የበግ ዕዳ እየጻፍን የሚስትን መህር ሳንጽፍ መቅረታችን ምን የሚሉት ነው?

ለአጥኚዎች አንድ ምክር

የጥናት ወዳጅ መሆን ማለት ግን በጥናት ስም የሚመጣውን ሁሉ እንቀበል ማለት አይደለም። መልሱን አስቀድሞ በልቡ ይዞ የሚመጣ አጥኚ አለ፤ እርሱ የሚፈልገው ምስክር እንጂ ዕውቀት አይደለም። ባል ወይም አማት በተቀመጡበት ሴትን የሚጠይቅ አለ፤ የሚሰማው የእርሷን ቃል ሳይሆን የፍርሃቷን ነው። የሰው ልማድ ያመጣውን በደል ሁሉ ከዲን የሚያይዝ አለ። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሰብስቦ የሚጠፋው ነው። የድሃ ሴትን ግማሽ ቀን ወስዶ፣ ቁስሏን ነካክቶ፣ ዲግሪውን ይዞ ይሄዳል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ታትሞ በመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የተጠየቀችው ሴት ግን የሰጠችው ቃል ምን እንደሆነ ሳታውቅ ትቀራለች። አማናን ተቀብሎ ለባለቤቱ አለመመለስ ይሉታል ይህ ነው።

ተማሪዬ ቃሏን ጠበቀች። ከአንድ ዓመት በኋላ ከጽሑፏ ዋና ዋናውን በአማርኛ አሳጥራ ስምንት ገጽ ይዛ መጣች። ለሴቶቹ በመድረሳው ክፍል ውስጥ አነበበችላቸው። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አንዲቱ ደግሞ «የእኔ ነገር አልገባም» ብላ ቅር ተሰኘች። ለወንዶቹም ከዒሻ በኋላ በመስጊዱ ግቢ ተነበበ። ሸኹ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። የተስማሙበትም ያልተስማሙበትም ነበር። ስለ ነፈቃ የተጻፈውን «በዝቷል» አሉ። ስለ መህር የተጻፈውን ሲሰሙ ግን፣ «ይህ እውነት ነው፤ መጻፍ አለበት» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ኒካሕ ሲታሰር የመህሩ መጠን፣ የተከፈለውና የቀረው፣ የምስክሮቹም ስም በሁለት ወረቀት ይጻፋል፤ አንዱ ለባል፣ አንዱ ለሚስት ይሰጣል። የነፈቃው ነገር ገና መፍትሔ አላገኘም። ከጅዳ የተመለሰችው እህትና ወንድሟም በሽማግሌ ፊት ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል፤ ነገራቸው አላለቀም። ትንሽ ነው፤ ግን የተጀመረው አንዲት ልጅ በመጠየቋ ነው።

ለቤተሰቦች

ውድ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ከዚህ ሁሉ በመነሣት ጥቂት ነጥቦችን ላስታውስ።

1ኛ. ተማሪ ጥናት ይዞ ወደ ቤታችሁ ሲመጣ አስቀድማችሁ ማንነቱን፣ ከየት እንደመጣ፣ የፈቃድ ወረቀቱን ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው። ትክክል ሆኖ ካገኛችሁት ግን በሩን አትዝጉ።

2ኛ. ጥያቄው ለእናታችሁ፣ ለሚስታችሁ ወይም ለእህታችሁ ከሆነ እርሷ ትመልስ። ስለ እርሷ ሆናችሁ አትመልሱ። መመለስ ካልፈለገችም አታስገድዷት።

3ኛ. አጥኚውን «ውጤቱን መልሰህ ታነብልናለህን?» በሉት። ይህ ቃል ከሸኻችን የተማርነው ትልቅ ጥያቄ ነው። መድረሳዎችና መስጊዶችም ውጤቱን የሚያስነብቡበት አንድ ምሽት ቢሰጡ ምን ይጎድላቸዋል?

4ኛ. ሴት ልጆቻችሁን አስተምሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ከ1 ወር ገደማ ሳይሞላቸው ነበር፤ የወንዶቹ ግን ከ23 ዓመት በላይ ነበር። በዚህ የስድስት ዓመት ልዩነት ውስጥ የአንዲት ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያና የመጀመሪያ ዲግሪ ይገባል። ዲኗን አውቃ የተማረች ልጅ ከሌለችን የእህቶቻችንን ጉዳይ የሚጽፍልን ሌላ ይሆናል። ያን ጊዜ «በትክክል አልጻፈልንም» ብለን ልንወቅስ አይቻለንም።

5ኛ. ጥናት እስኪመጣ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ በቤታችሁ ያለችውን እህት፣ ከስደት የተመለሰችውን፣ ከትዳር የወጣችውን፣ «እንዴት ነበርሽ?» በሏት። ይህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ገመና የሚሸፈነው ለተበደለ ክብር እንጂ ለበዳይ ምቾት አይደለም። ስሟን ሸፍነን ሐቋን ብንገልጥ ሁለቱንም አማና ተወጥተናል። ስሟንም ሐቋንም አብረን ከሸፈንን ግን፣ ስሞታዋን የሚሰማ ጌታ አለ፤ የኸውላን የሰማው እርሱ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የተበደሉትን ሰምተን ሐቃቸውን ከሚመልሱት ያድርገን። በዕውቀት ጎዳና ላይ ያሉ ሴቶችና ወንዶች ልጆቻችንን ኢኽላስ ይስጣቸው። ቤቶቻችንንም የፍትሕና የእዝነት ቤቶች ያድርግልን። አሚን።